የቤዝመንት ወለላችን ከአንድ ክረምት በኋላ፦ የገዛናቸውና ያልገዛናቸው ንጣፎች

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ስለገባ አሁን በእርግጠኝነት መጻፍ እችላለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ለቤዝመንት፣ ወይም እንደ እኛ ግማሽ ጎኑ አፈር ውስጥ ለተቀበረ ክፍል ወለል የምትመርጡ ከሆነ ፖርሲሊን የሚባለውን፣ ውሃ የማይጠጣውን ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት ግዙ። ክፍሉ መኝታ ከሆነና እግር የማይቀዘቅዝበት ወለል ከፈለጋችሁ ኤስፒሲ የሚባለውን፣ ከድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራውን ንጣፍ ግዙ፤ ከሥሩ ላስቲክ ሳታነጥፉ ግን አትሞክሩት። ላሚኔቱን፣ የእንጨት ፓርኬውንና ሞኬቱን ለላይኛው ፎቅ ተዉለት። ይህን የምለው ሁለቱንም ንጣፎች ገዝቼ፣ አስነጥፌ፣ ሙሉ ክረምት ከረገጥኳቸው በኋላ ነው።

ቤታችን ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ከፍ ማለት በሚጀምርበት በኩል ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ የታችኛው ክፍል ፊቱ ወደ ግቢው ተከፍቶ በርና መስኮት ሲኖረው፣ የጀርባ ግድግዳው ግን እስከ ትከሻዬ ድረስ አፈር ለብሷል። ግድግዳው ተለስኖ፣ ኮርኒሱ ተሠርቶ፣ የመብራት መስመሩ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ የቀረው ወለሉ ብቻ ነበር፤ 30 ካሬ ሜትር የሚሆን ሰፊ ክፍል እና 12 ካሬ ሜትር የሚሆን መኝታ። ሰፊው ክፍል ልጆች የሚያጠኑበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበትና ቡና የሚፈላበት ነው። መኝታው እናቴ ከደብረ ታቦር ስትመጣ የምታርፍበት ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት ይከብዳታል።

ንጣፍ መሸጫ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ከመሬት በታች ላለ ክፍል ግን ቀለሙ የመጨረሻው ጥያቄ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ከኮንክሪቱ ሥር ምን ያህል ውሃ አለ የሚለው ነው። ኮንክሪት ጥብቅ ድንጋይ መስሎ ይታይ እንጂ ዳቦ ሻይ እንደሚጠጣ ሁሉ ከሥሩ ያገኘውን እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይስባል። ወለሉ ባዶውን ሳለ ይህ እርጥበት ተንኖ ስለሚጠፋ ማንም አያየውም። አየር በማያሳልፍ ንጣፍ ሲሸፈን ግን መውጫ ያጣል፤ ማጣበቂያ ያላቅቃል፣ እንጨት ያሳብጣል፣ ሻጋታ ያበቅላል።

ከተማችን በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። ጣና ከፍታው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሰበሰቡትን አምጥተው ካፈሰሱ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑት ሰፈሮች ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ከመሬት ሥር ያለው ውሃ ገና አልወረደም። በግንቦት ወለሉን በእጁ ዳስሶ «ደረቅ ነው፣ አንጥፉ» የሚል ባለሙያ የሚያውቀው የግንቦትን ወለል ብቻ ነው። እኛ ተዳፋት ላይ ስለሆንን ውሃው የሚመጣብን ከጎን ነው፤ ከላይ የሚወርደው ዝናብ አፈሩ ውስጥ ሰርጎ የጀርባ ግድግዳችንን ይገፋል።

ወለልን መመርመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ወፍራምና ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ወለሉ ላይ ማንጠፍ፣ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በሰፊ ፕላስተር ማሸግ፣ ከዚያ ቢያንስ ለ16 ሰዓት መተው ነው። ካቻምና ነሐሴ ላይ አንዱን ከክፍሉ መሀል፣ አንዱን ከበሩ አጠገብ፣ አንዱን ከጀርባው ግድግዳ ሥር አሸግሁ። የመሀሉና የበሩ ደርቀው አደሩ። ከግድግዳው ሥር ያለው ላስቲክ ግን ከውስጥ በኩል ጤዛ ቋጥሮ፣ ኮንክሪቱም አራት ማዕዘን ቅርጽ ይዞ ጠቁሮ ተገኘ። ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት መስመር ላይ ደግሞ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ነጭ ጨው ወጥቶ ነበር። ይህ ጨው ውሃው ግንቡንና ሲሚንቶውን አቋርጦ ሲመጣ አሟሙቶ ያመጣው፣ ሲተን ደግሞ ትቶት የሄደው ነው፤ በቤታችሁ ካያችሁት ውሃ በዚያ በኩል እየመጣ ነው ማለት ነው። ወለሉ አዲስ ከሆነም አትቸኩሉ። ኮንክሪት በ28 ቀን ጥንካሬውን ያገኛል የሚባለው እውነት ነው፤ መድረቅ ግን ሌላ ነገር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል ከዚያ በኋላም ለወራት እርጥበት ሲያወጣ ይቆያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ውጭ ሄደ። ከግድግዳው ጀርባ ቦይ ተቆፍሮ ግንቡ በሬንጅ ተቀባ፤ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ተከቦ ወደ ቁልቁለቱ ተዘረጋ፤ የጣሪያው አሸንዳም ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እንዲያፈስ ተደረገ። ይህን ወጪ የሚያይ እንግዳ የለም። እኔ ግን ከንጣፉ በላይ የምኮራበት በእርሱ ነው፤ ምክንያቱም የትኛውም ንጣፍ ከሥር የሚመጣ ውሃ አያቆምም።

ከዚህ በኋላ ነው ሱቅ ወደ ሱቅ መዞር የጀመርነው። በከተማው መሀል ባለ አንድ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃዎች መሸጫ ሻጩ ላሚኔት አንስቶ በጣቱ እያንኳኳ «እኅቴ፣ ይህን ውሃ አይነካውም፤ ለምድር ቤት የሚሆነው ይኸው ነው» አለኝ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳነብ የሚለው ኤሲ 4 ነው። ይህ ደረጃ የሚናገረው የላይኛው ገጽ መፋቅንና መርገጥን ምን ያህል እንደሚችል እንጂ ስለ ውሃ አይደለም። የላሚኔት ሆዱ ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት ነው፤ ላዩ ላይ ያለው የእንጨት መልክም በመከላከያ ሙጫ የተሸፈነ የታተመ ወረቀት ነው። ቁራጭ ናሙና እንዲሰጠኝ ጠይቄ ወሰድኩና ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው ላዩ እንደነበረው ያበራል። ጠርዙ ግን አብጦ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚገጣጠምበት ምላስ ከቦዩ ውስጥ አልገባ ብሏል። በጥፍሬ ስጫነው ቡናማ ፍርፋሪ ወጣ። ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ውሃው ጠፋ፣ እብጠቱ ግን እንዳለ ቀረ። ናሙናውን ይዤ ሄጄ ሳሳየው ሻጩ «ማን ውሃ ውስጥ ይነክረዋል?» አለኝ። ቤዝመንት ነዋ የሚነክረው! እርሱ እንኳ ባይነክረው ወለሉን በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል ሰው ቀስ በቀስ ይነክረዋል። ለዚህ ሱቅ የምሰጠው አስተያየት ዝቅተኛ ነው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለደረቅ ፎቅ መልካም ዕቃ ነው። ቦታው ላልሆነ ቦታ በድፍረት መሸጡ ግን የሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ሱቅ ሌላ ነበር። የሱቁ ባለቤት፣ አንዲት ረጋ ያሉ እናት፣ ስለ ዋጋ ሳያነሡ «ወለሉ ከመሬት በላይ ነው ወይስ በታች? ከሥሩ ላስቲክ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሌላ ሻጭ የለም። የኤስፒሲና የፖርሲሊን ቁራጮች ሰጡኝ፤ ሁለቱንም ባልዲው ውስጥ አሳደርኳቸው፤ ሁለቱም እንደገቡ ወጡ።

የውሃው ፈተና በዚህ አበቃ፤ የእሳቱ ቀረ። በሰፊው ክፍል ቡና ይፈላል። ይህም ማለት ከሰል አለ፣ ዕጣን አለ፣ ትኩስ ጀበና አለ፣ በበዓል ደግሞ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ከውጭ አገር የሚመጡት የንጣፍ መግለጫዎች ስለ ውሻ ጥፍርና ስለ ወንበር ጎማ ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ከሰል ያየሁበት አንድም የለም። ስለዚህ እዚሁ ቤት ሞከርኩት። ከምድጃው ላይ የጣት ጫፍ የሚያህል ፍም በመቆንጠጫ አንሥቼ የኤስፒሲው ናሙና ላይ አስቀመጥኩ። ወዲያው የፕላስቲክ ሽታ ተነሣ። ፍሙን ሳነሣው የእንጨት መልክ ያለው ንብርብር ዙሪያውን ተሸብሽቦ መሀሉ ጠቁሯል፤ ቢፈትጉትም አልለቀቀም። ፖርሲሊኑ ላይ ያስቀመጥሁት ፍም ግን እዚያው አመድ ሆነ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ምልክት እንኳ አልተወም። ቡና የሚፈላበት ክፍል ወለል ላይ ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረንም። ሰፊው ክፍል ፖርሲሊን፣ እሳት የማይገባበት መኝታ ኤስፒሲ ሆነ።

ፖርሲሊን ስትገዙ የምታዩትን ልንገራችሁ። እውነተኛ ፖርሲሊን የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ለግድግዳ ተብሎ የሚሠራው ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ሊጠጣ ይችላል። በሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ፊታቸውም ይመሳሰላል። ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ። ጠብታው ወዲያው ተመጥጦ ቦታው ከጠቆረ ለወለል አትውሰዱት፤ ጠብታው እንደተቀመጠ ከቆየ ጥሩ ነው። እኛ የወሰድነው በሕንድ የጉጃራት ግዛት፣ የሴራሚክ ፋብሪካዎች በበዙባት በሞርቢ ከተማ የተሠራ፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። የሚያብረቀርቀውን አልፈለግንም። የሚያብረቀርቅ ወለል ከግቢው ጭቃ ረግጦ ለገባ ልጅ አደጋ ነው፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናትማ ምን ይባላል። ገጹ ሻከር ያለ፣ ካርቶኑ ላይ የመንሸራተት ደረጃው አር 10 ተብሎ የተጻፈበትን ምረጡ። አንድ ካርቶን አራት ፍሬ፣ 1.44 ካሬ ሜትር ይይዛል። ለ30 ካሬው አሥር በመቶ ለመቁረጫና ለመጠባበቂያ ጨምረን 23 ካርቶን አወጣን። ሁሉም ካርቶኖች ላይ ያለው የቀለም ምድብ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት አንድ በአንድ እዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ሱቅ ውስጥ ልዩነቱ አይታይም፤ ወለሉ ላይ ተነጥፎ የመስኮት ብርሃን በአግድም ሲያርፍበት ግን ይታያል።

ያነጠፈልን ወጣት ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል። ረዳቱ እንደ ለመደው ፍሬዎቹን በርሜል ውሃ ውስጥ ሊነክር ሲል ያስቆመው እርሱ ነው። ውሃ የሚጠጣ ሴራሚክ ይነከራል፤ ፖርሲሊን ግን ውሃ ስለማይጠጣ መንከሩ ትርጉም የለውም፤ በዚያው ምክንያት ተራ የሲሚንቶ ቡኬትም አጥብቆ አይዘውም። ለፖርሲሊን የተሠራ ማጣበቂያ በከረጢት ይሸጣል፤ ዋጋው ከሲሚንቶ ይበልጣል፣ ግን እርሱን ግዙ። ማጣበቂያው በጥርስ ባለው ማንኪያ መላ ወለሉ ላይ መዘርጋት አለበት። አራት ማዕዘኑና መሀሉ ላይ ብቻ ጉብ ጉብ እያደረጉ ፍሬውን መጫን ሥራ ያፋጥናል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶው ቦታ ላይ ከባድ ነገር ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ በቤዝመንት ደግሞ ውሃ ይሰበሰብበታል። ወጣቱ በማግሥቱ በመዶሻው እጀታ እያንዳንዱን ፍሬ እያንኳኳ ሲያዳምጥ አየሁት። በሩ አጠገብ ሁለቱ ባዶ ድምፅ ሰጡ፤ ሳልጠይቀው አንሥቶ እንደ አዲስ አነጠፋቸው። ቦያካውን፣ ማለትም በፍሬዎቹ መካከል ያለውን መስመር የሚሞላውን፣ ግራጫ አድርጉት። ነጭ ቦያካ የመስቀል ዕለት ቄጠማ ከተጎዘጎዘበት በኋላ አረንጓዴ መስመር ይዞ ይቀራል፤ ዘመድ ቤት አይቼዋለሁ።

የመኝታው ኤስፒሲ ሥራ ፈጣን ነው፤ ማጣበቂያ የለውም፣ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ወለሉ ላይ ያርፋል። ፈጣን ስለሆነ ብዙዎች ቅድመ ዝግጅቱን ይዘሉታል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ወለሉ ላይ አጋድሙና ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ካለ በሊሾ አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ሲረገጥ እየተለመጠ መቆለፊያው ይሰበራል። ከዚያ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ጠርዙ ተደራርቦ፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ታሽጎ ይነጠፋል። ዙሪያውን ከግድግዳው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ንጣፉ ሙቀት ሲያገኝ ስለሚሰፋ ነው፤ ክፍተቱን ዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚገጠመው ጠባብ ንጣፍ፣ ይሸፍነዋል። ስትገዙ የላይኛውን መከላከያ ንብርብር ውፍረት ጠይቁ። 0.3 ሚሊ ሜትርም 0.5 ሚሊ ሜትርም ገበያ ላይ አለ፤ እኛ 0.5 ወስደናል።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እርጥበቱ ከፍ ባለበት ጊዜ፣ የጀርባውን ዞኮሎ አስነሥቼ የመጨረሻዎቹን የኤስፒሲ ረድፎች አስከፈትኩ። ንጣፉ ደረቅ ነበር፤ ሽታ የለውም፤ ሻጋታ የለውም። ከላስቲኩ ሥር ግን ግድግዳውን ተከትሎ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀጭን ጤዛ ነበር። ላስቲኩ ባይኖር ያ ጤዛ የት ሊገኝ እንደነበረ መገመት አይከብድም። በፖርሲሊኑ በኩል ጨው የወጣበት ቦያካም ሆነ የላላ ፍሬ አላገኘሁም።

ፖርሲሊኑ ቅሬታ የለውም ማለት ግን አልችልም። ይቀዘቅዛል። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ባዶ እግር የሚረገጥ አይደለም፤ ልጆቹ ጠረጴዛቸው ሥር ጫማ አድርገው ነው የሚያጠኑት። ድምፅም ያስተጋባል፤ ወንበር ሲጎተት ላይኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ገበያ የሚሸጠውን ሰሌን ከጥናት ጠረጴዛው ሥር ዘርግቼ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ። ቋሚ ሞኬት እንድታደርጉ ግን አልመክርም፤ ከመሬት በታች የተለጠፈ ሞኬት እርጥበትን ይዞ ያስቀምጣል፣ አስም ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። ኤስፒሲው በበኩሉ እግር ላይ ለስላሳና ለብ ያለ ነው። እናቴ ገና እንደረገጠችው «ይኼ ደግሞ የእንጨት ቤት ነው» አለች፤ ሌሊት ስትነሣ ነጠላ ጫማ ሳትፈልግ ትሄዳለች።

ኢፖክሲ ቀለም እንቀባ ያሉን ነበሩ። ከሥሩ እርጥበት የሚገፋው ወለል ላይ ኢፖክሲ ተነፍቶ ይላጣል፤ እኛ የጀርባ ግድግዳውን ጤዛ ካየን በኋላ አላሰብነውም። ገንዘብ ላጠረው ሰው ግን በደንብ የተሠራ ሊሾ አይናቅ። እርጥበቱን ሳያፍን ያሳልፋል፣ ፍም አይፈራም፣ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ፖርሲሊኑ በላዩ ላይ ይነጠፋል። በርካሽ ላሚኔት ሸፍኖ ከክረምት በኋላ ከመንቀል እጅግ ይሻላል።

ዋጋ ያልጻፍኩት አንባቢ ዘንድ ሳይደርስ ስለሚለወጥ ነው። በእኛ ስሌት የካሬው ዋጋ ብቻ ሲታይ ኤስፒሲው ከፖርሲሊኑ ይወደዳል፤ የማጣበቂያው፣ የቦያካውና የባለሙያው ሂሳብ ሲደመር ግን ልዩነቱ ይጠባል። ስትደራደሩ ያልተከፈተ ካርቶን መልሰው እንደሚወስዱ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። እኒያ የሱቅ ባለቤት ሳልጠይቃቸው ጽፈውልኛል፤ የተረፈውን አንድ ካርቶን ፖርሲሊን ልመልስ ስሄድ ግን «ይኼ የቀለም ምድብ ተመልሶ አይመጣም፣ አንድ ፍሬ የተሰነጠቀ ቀን ታገኚዋለሽ፤ አስቀምጪው» ብለው መለሱኝ። ከደረጃው ሥር አቁሜዋለሁ።